«ሆድ ማጠብ»፦ ከኮሶ እስከ ማቅጠኛ ሻይ

በአማርኛ «ኮሶ» የሚለው ቃል በሽታውንም መድኃኒቱንም ይጠራል። «ኮሶ አለብኝ» የሚል ሰው ስለ ትሉ ይናገራል፤ «ኮሶ ጠጣሁ» የሚለው ደግሞ ስለ ዛፉ አበባ። አንድ ቃል ለሁለቱም መዋሉ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ሕመም ማለት ከሆድ ውስጥ መውጣት ያለበት ነገር ነው፤ መዳን ማለትም እርሱን ማስወጣት ነው የሚል የቆየ አስተሳሰብ ከቃሉ በስተጀርባ አለ። ሆዱ የታጠበ ሰው «ቀለለኝ» ይላል፤ አካባቢውም «እንኳን ቀለለህ» ይለዋል። በዚህ ጽሑፍ ለመተቸት የተነሣሁት ይህን አስተሳሰብ ራሱን አይደለም፤ በጊዜው በቂ ምክንያት ነበረውና። የምተቸው ስለ እርሱ የተጻፈበትን መንገድ፣ ዛሬ በፒያሳ መደርደሪያዎች ላይ በአዲስ ካርቶን ታሽጎ የሚሸጥበትን ቋንቋ፣ እንዲሁም እኛ የጤና ባለሙያዎች የምንገለገልባቸው መመሪያዎች ስለ ጉዳዩ የሚያሳዩትን ዝምታ ነው።

ከጽሑፎቹ እንጀምር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምእተ ዓመት ወደ አገራችን መጥቶ ኮሶን ለአውሮጳ አንባብያን ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ስለ ኢትዮጵያ ከጻፉት የውጭ ሰዎች ይህን ልማድ ሳያነሣ ያለፈ ጥቂት ነው። ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ ትሉ ይይዛል፤ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣል፤ በዚያች ዕለትም ሰውየው እንግዳ አይቀበልም። ይህ ሥዕል ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ኖሯል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ባሕላዊ የኮሶ ትል መድኃኒቶች ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን ተጓዦች ምስክርነት በትጋት አሰባስበው ለትውልድ አቆይተውልናል። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። የሚገርመው ግን፣ በዚያው በ1969 እ.ኤ.አ. የማኅበራችን «ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል» ሮኮስ የተባሉ ሐኪም ኮሶ በሚያስከትለው መመረዝ ሳቢያ ስለሚደርስ የዐይን ጉዳት የጻፉትን ዘገባ አውጥቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጽሑፎች ስለ አንድ ተክል ቀረቡ፤ አንዱ ልማዱን፣ ሌላው ጉዳቱን ይዞ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት ለተማሪም ለአንባቢም ደጋግሞ የደረሰው የመጀመሪያው ነው። ልማዱ የአገር መታወቂያ ሆኖ በየመጽሐፉ ሲጠቀስ፣ የዐይን ሐኪሙ ዘገባ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ቀረ።

የተጓዦቹ ጽሑፍ ዋና ጉድለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ማጋነኑ አይደለም። ስለሚጠጣው ሰው አንዳች አለመጠየቁ ነው። ኮሶ የጠጣው ሰው በዚያች ዕለት ምን ተሰማው? ስንት ጊዜ ወጣ? ራሱን ስቶ ወደቀ? መጠኑን ማን ለካለት? ከትሉ መውጣት በኋላስ ትል ሳይኖርበት «ለጤና» ብሎ መጠጣቱን ቀጠለ? እነዚህ የሐኪም ጥያቄዎች ናቸው። ባሕል ሆኖ የተመዘገበ ነገር ግን ጥያቄ አይቀርብበትም፤ ይደነቃል፣ ይታለፋል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ስለ ተክሉ አንድ ሁለት ቃል ልበል። ኮሶ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሀጌኒያ አቢሲኒካ፣ ከንቱ መድኃኒት አልነበረም። በሴቴ አበባው ውስጥ ያሉት ኮሶቶክሲንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ትሉን በእርግጥ ያዳክማሉ፤ በ19ኛው ምእተ ዓመት ወደ አውሮጳ ተወስዶ በመድኃኒት መዝገቦቻቸው ውስጥ እስከ መግባት የደረሰውም በዚህ ምክንያት ነው። እንቆቆና መተሬም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ከመጡ በኋላ ግን ትሉን ለማስወጣት ሲባል አንጀትን እንደ ልብስ ማጠብ አስፈላጊነቱ አበቃ። መድኃኒቱ ተተካ፤ አስተሳሰቡ ግን አልተተካም። ኮሶ ያስለመደው የመታጠብ ፍላጎት ሌላ ዕቃ ፈልጎ አገኘ።

የዚህን ሽግግር መንገድ ለማየት አራዳን ያህል ምቹ ስፍራ የለም። ጣሊያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ከማዛወሩ በፊት የከተማዋ ትልቅ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የሚቆመው የአራዳ ገበያ ነበር። ዘመናዊው የመድኃኒት ንግድም ሥር የሰደደው በዚያው ዘመን ነው፤ ጆርጂያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ በአገራቸው ስም የጠሩትን መድኃኒት ቤት በአዲስ አበባ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1910 ነበር። የባሕሉና የዘመናዊው መድኃኒት በአንድ ከተማ ጎን ለጎን መኖር ከጀመሩ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆናቸው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ በውስጣቸው የነበሩ ሱቆች ተበትነዋል፤ የቀረውን ግን ዛሬም ከጊዮርጊስ ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርድ ሰው ያገኘዋል። ወርቅ ቤት፣ የሙሽራ ልብስ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ የመዋቢያ ዕቃ መደብር። ለሠርግ የሚዘጋጅ ሰው በአንድ ከሰዓት ቀለበቱንም፣ ቀሚሱንም፣ ቀሚሱ ውስጥ ለመግባት ያስፈልገኛል የሚለውንም ነገር ገዝቶ ሊመለስ ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ዕቃ በሦስት ዓይነት መልክ ይገኛል። አንዱ ክኒን ነው፤ ቢሳኮዲል፣ በተግባር ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥና ርካሽ። ሁለተኛው ከቅመም ጋር የሚሸጠው ደረቅ ቅጠል፣ ሰናመኪ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ያው ሰናመኪ በትንንሽ ከረጢት ተደርጎ፣ በላዩ የቀጭን ሴት ሥዕል ታትሞበት፣ «ማቅጠኛ ሻይ» ወይም «ቦርጭ ማጥፊያ» ተብሎ የሚቀርበው ነው። ማሸጊያው ላይ የሚነበቡት ቃላት ራሳቸውን የቻሉ ድርሰት ናቸው፦ «ከተፈጥሮ የተዘጋጀ»፣ «ሰውነትን ከመርዝ የሚያጸዳ»፣ «ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው»። ሦስቱንም በየተራ እንመርምራቸው።

«ከተፈጥሮ» መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከአደጋ አያድንም። የሰና ቅጠል ውስጥ ያሉት ሴኖሳይዶች በፋብሪካ ክኒን ውስጥ ካሉት ጋር አንድ ናቸው። ልዩነቱ፣ ክኒኑ መጠኑ የተለካ ሲሆን ሻዩ ግን እንደ አፈላሉ፣ እንደ ቆይታውና እንደ ጠጪው ጉጉት የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። ዐሥር ደቂቃ የቆየ ከረጢትና ሌሊቱን ያደረ ከረጢት አንድ መድኃኒት አይደሉም። እንዲያውም «ተፈጥሮ» የሚለው ቃል የሚደብቀው ነገር አልፎ አልፎ ከዚህ ይብሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ከዕፀዋት ብቻ ተዘጋጁ በተባሉ ማቅጠኛዎች ውስጥ ሲቡትራሚንና ፊኖልፍታሊን ተደብቀው ማግኘቱን በተደጋጋሚ አስታውቋል። የመጀመሪያው በልብና በደም ሥር ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ የወጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቀድሞ በማስቀመጫነት ሲሸጥ ቆይቶ በካንሰር ሥጋት የተነሣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የታገደ ነው።

«ከመርዝ ያጸዳል» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ደምን የሚያጸዱ ጉበትና ኩላሊት አሉን፤ ሻዩ ኩላሊትን ሲያግዝ ሳይሆን ውኃ ሲያሳጣው ነው የምናየው።

ዋናው ውሸት ግን ያልተጻፈው ነው። ሥዕሏ የምትለው፣ ይህን የጠጣ የበላውን ሳይቀበል ያስወጣል ነው። ይህ በሥነ ተፈጥሮ ረገድ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት አንድ ጥናት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1983 ቦ-ሊንና ባልደረቦቹ «አናልስ ኦቭ ኢንተርናል ሜዲስን» በተባለው መጽሔት እንዳቀረቡት፣ ከመጠን ባለፈ ማስቀመጫ ሳቢያ ከ4 እስከ 6 ሊትር የሚደርስ ተቅማጥ በወጣበት ጊዜ እንኳን ሰውነት ከምግቡ ሳይወስደው የቀረው ኃይል ወደ 12 በመቶ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምግብ የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት ነው፤ ሰናም ቢሳኮዲልም የሚያንቀሳቅሱት ትልቁን አንጀት ነው። መድኃኒቱ ሥራውን ሲጀምር እንጀራውም፣ ወጡም፣ ቅቤውም ቀድመው ወደ ደም ገብተዋል። የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ሚዛን ላይ የወጣችው ወጣት ሁለት ኪሎ ቀንሳ ታያለች፤ ሁለቱም ኪሎ ግን ውኃ ነው፤ ውኃ እንደ ጠጣች ይመለሳል። በመመለሱ ደንግጣ ደግማ ትወስዳለች። ጠቅላላው ወጥመድ ይኸው ነው፤ ለብልህና ለተማረም ሰው የሚሠራው፣ ሚዛኑ ለአንድ ቀን እውነት የሚናገር ስለሚመስል ነው።

ከውኃው ጋር የሚሄደው ፖታሲየም ነው። የዓይነ ምድር ፈሳሽ ከደም ይልቅ እጅግ የበዛ ፖታሲየም ይይዛል። ሰውነት ፈሳሽ ሲያጣ ደግሞ አልዶስቴሮን ከፍ ይልና ኩላሊት ሶዲየምን ለመያዝ ሲል ተጨማሪ ፖታሲየም ይለቃል። በመጀመሪያ ባይካርቦኔት አብሮ ስለሚወጣ ደሙ ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ ልማዱ ሲቆይ ወይም ትውከት ሲጨመርበት ተቃራኒው ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ዓይነት ብቻ የሚጠብቅ ሐኪም ይስታል። ማግኒዚየምም አብሮ ይወርዳል፤ እርሱ ሳይተካ ፖታሲየሙን ብቻ መስጠት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ይሆናል። መጨረሻው የጡንቻ መዛል፣ ከባሰም የጡንቻ መፍረስ፣ በዓመታት ሂደት የኩላሊት መጎዳት፣ በማንኛውም ቀን ደግሞ የልብ ምት መዛባትና ድንገተኛ ሞት ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንግባ። የሚከተለውን ዓይነት ታካሚ ያላየ የፒያሳ ክሊኒክ ያለ አይመስለኝም። ሃያ ዓመት ያለፋት፣ በንጽሕና የለበሰች ወጣት «ያዞረኛል፣ ይደክመኛል፣ እግሬን ይቆረጥመኛል፣ ሆዴንም ይነፋኛል» ብላ ትመጣለች። ስትጠየቅ ተቅማጥ እንደሚመላለስባት በአንገት ንቅናቄ ታረጋግጣለች። የዓይነ ምድርና የደም ምርመራ ይታዘዛል። ከተለመደው መንገድ የሚወጣ ውጤት እምብዛም አይመጣም፤ ወይ «አሜባ» ይባላል፣ ወይ «ታይፎይድና ታይፈስ»፣ ወይ «ጨጓራ»። ሜትሮኒዳዞል ይዛ ትሄዳለች። ከአንድ ወር በኋላ በሌላ ክሊኒክ ሌላ ካርድ ታወጣለች። «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ተብላ ተጠይቃለች፤ «የለም» ብላለች፤ አልዋሸችም። ሻይ መድኃኒት አይደለማ። ሰናመኪም መድኃኒት አይደለም፤ ቅጠል ነው። ማሸጊያው የነገራትን ነው የመለሰችው።

ይህ የአንድ ሐኪም ድክመት ቢሆን ኖሮ በመጽሔት ላይ መነሣት ባላስፈለገው። ነገሩ ከምንማርባቸውና ከምንሠራባቸው ሰነዶች ይጀምራል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአእምሮ ጤና ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች ያዘጋጀውና አገራችን ቀድመው ከተቀበሉት አንዷ የሆነችበት የኤም.ኤች.ጋፕ መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሁለተኛ ዕትሙ ስለ ድብርት፣ ስለ ሳይኮሲስ፣ ስለ የሚጥል በሽታ፣ ስለ መርሳት በሽታ፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅና ስለ ራስን ማጥፋት ምዕራፍ ምዕራፍ ሰጥቷል። ስለ አመጋገብ መዛባት ግን ምዕራፍ የለውም። መመሪያው ለብዙ ታካሚ ጠቅሟል፤ ዋጋውን ማሳነስ አልፈልግም። ጥቂት ባለሙያ ላለበት አገር ቅድሚያ መምረጥም ግድ ነው። ዝምታው ግን ያስተምራል። በመመሪያው ውስጥ ያልተጻፈ ነገር በጤና ጣቢያው የለም ተብሎ ይወሰዳል፤ የአመጋገብ መዛባትም «የፈረንጅ ሴት ልጆች በሽታ» ሆኖ ይቀራል። ረኀብን በዐይኑ ያየ አገር ውስጥ ሆን ብሎ የሚራብ ሰው አለ ማለት ለብዙዎቻችን እንደ ስድብ ይሰማል። ስሜቱን እረዳዋለሁ፤ ነገር ግን ስሜት ምርመራን አይተካም።

ከሌላው ዓለም ሁለት ሥራዎች በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ያስተምራሉ። ቤኔትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጋና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል በራሳቸው ፈቃድ ምግብ በመተው እጅግ የከሱ ልጃገረዶችን አግኝተው ነበር፤ ልጆቹ ምክንያታቸውን የገለጹት «መወፈርን እፈራለሁ» በማለት ሳይሆን ራስን በመግዛትና በሃይማኖታዊ ቋንቋ ነበር። ሁለተኛው ከፊጂ ደሴቶች ነው። አን ቤከር ቴሌቪዥን በገባበት በ1995 እ.ኤ.አ. እና ከሦስት ዓመት በኋላ የተማሪ ልጃገረዶችን ሁኔታ ስታነጻጽር፣ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ማስመለስ ከ0 ወደ 11.3 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘች። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ይህን ቁጥር ነው። ለእኛ ግን የበለጠ የሚቀርበው እርሷና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ተከታይ ሥራ ነው። በፊጂ ሆድን በባሕል መድኃኒት ማጠብ የቆየና የተፈቀደ ልማድ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል በዚህ ባሕላዊ ማጠቢያ የሚጠቀሙ አንድ ራሱን የቻለ ቡድን ተለይቶ ታየ፤ የዚህ ቡድን አባላት ጭንቀትም በእርግጥ ከፍ ያለ ነበር። የአያቶች መድኃኒት የልጅ ልጆች ጭንቀት መሣሪያ ሆኗል ማለት ነው። «ፊጂ» በሚለው ስፍራ ሌላ ስም ብናስገባ ዐረፍተ ነገሩ ለአራዳ እንግዳ አይሆንበትም።

እንዲያውም በእኛ ገበታ ይህ መንገድ ከሌሎቹ ይልቅ የቀለለ ይመስለኛል። በአውሮጳ መጻሕፍት ውስጥ የምናነባት ታካሚ ሳህኗን ትገፋለች። በአንድ መሶብ ዙሪያ በሚበላበት ቤት ሳህን መግፋት አይቻልም። እናት ታጎርሳለች፤ አክስት «ሁለተኛ ጉርሻ ካልጎረስሽ ያጣላል» ትላለች። እምቢታ ነውር ነው፤ የአስተናጋጁን ፍቅር መናቅ ነው። ስለዚህ ምግብን የምትፈራ ልጅ የሚቀርላት ከሁሉም ፊት በልታ በኋላ ብቻዋን ማስወጣት ነው። ማስመለስ ድምፅ አለው፤ ያስጠይቃል። ሆድ መታጠብ ግን የተከበረ ምክንያት አለው፦ «ሆዴን አሞኝ ሰናመኪ ጠጣሁ» ብትል እናቷ ማር ታቀርብላታለች እንጂ አትቆጣትም። በዚህም የተነሣ በአገራችን የመጀመሪያው ምልክት የከሳ ገላ ሳይሆን የተለመደ ክብደት ያላት፣ ነገር ግን ፖታሲየሟ የወረደ ወጣት ልትሆን ትችላለች።

ስለ ጾምም ማንሣት ይገባል፤ በጥንቃቄ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዓመት 180 ያህል ቀን ይጾማሉ፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳን አላቸው። ጾም በሽታ አይደለም፤ እንደ በሽታ የሚመለከተው ጽሑፍ ቢገኝ የመጀመሪያ ተቃዋሚው እኔ ነኝ። ጾም ግን ለሐኪም ጠቃሚ መለያ ይሰጣል፦ ጾም የማኅበር ነው፤ ጊዜው ሲደርስም ይፈታል። ፋሲካ ሌሊት ዶሮው ቀርቦ ቤተሰቡ ሁሉ ሲፈታ የማትፈታዋ፣ ወይም ከሁሉ ጋር በደስታ በልታ በማግሥቱ አምስት ከረጢት የምታፈላዋ፣ እርሷ ናት ጥያቄ የምትሻው። «ጾሙ ሲፈታ እንዴት ሆንሽ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የተተረጎመ መጠይቅ ይልቅ በር ይከፍታል ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛ መዝገቡ ለአኖሬክሲያ መለያ የመወፈር ፍርሃትን መናገር ብቻውን የግድ እንዳይሆን፣ ክብደት እንዳይጨምር የሚያደርግ ጽኑ ጠባይም በስፍራው እንዲቆጠር አድርጓል። ለእኛ ታካሚዎች ይህ ለውጥ ጥቂት አይደለም።

ነገሩን የወጣት ሴቶች ብቻ አድርጎ መጻፍም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ቦርጭ የወንድም ጭንቀት ነው፤ የፒያሳ ሥጋ ቤቶችም ደንበኞች አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው። ከሁሉም ይልቅ የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ታካሚ ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ እናት፣ ወይም በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ፉሮሲማይድና ዲጎክሲን የሚወስድ ወጣት። እነዚህ ሰዎች ፖታሲየማቸው ቀድሞውኑ ሊወርድ የተቃረበ ነው። ጎረቤት «ሰውነትሽ ከብዷል፣ ይህቺን ሻይ ጠጪ» ብላ በመልካም ልብ ስትሰጥ፣ በተለይ በዲጎክሲን ላይ ላለ ልብ አንድ ሳምንት ሊበቃ ይችላል። በየወሩ ክኒናቸውን የሚወስዱበት ስፍራ ሁሉ ስለ ሻይና ስለ ቅጠል በስማቸው ጠርቶ መጠየቅ ይገባዋል። «መድኃኒት» የሚለውን ቃል ትተን «ሰናመኪ፣ ማቅጠኛ ሻይ፣ ሆድ የሚያጥብ ነገር ቀምሰዋል እንዴ እማማ?» ብንል መልሱ ወዲያው ይለወጣል።

የመድኃኒት ባለሙያዎች ድርሻ ከሐኪሙ ይቀድማል፤ ሐኪም ቤት የማትመጣዋ ልጅ መድኃኒት ቤት ትገባለችና። በየሳምንቱ ቢሳኮዲል የምትገዛን ወጣት የሚያውቃት ከመደርደሪያው ወዲያ ያለው ሰው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ለቁጥጥሩ ባለቤት ሰጥቶታል። ሆኖም ሰና ያለበት ከረጢት «ሻይ» እስከ ተባለ ድረስ ሸማቹ የሚያየው ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ቢያንስ «ሰና አለበት፤ ከአንድ ሳምንት በላይ አይወሰድ፤ ስብ አይቀንስም» የሚል አማርኛ በማሸጊያው ላይ በሚነበብ ፊደል ቢሰፍር የሥዕሏን ግማሽ ያህል ይሠራ ነበር።

ታካሚዋ ከተገኘች በኋላ ስላለው ሥራ ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የኤሌክትሮላይት ማሽን በሌለበት ክሊኒክም ኢ.ሲ.ጂ. አለ፤ የተደፋ ቲ ሞገድና ከኋላው ብቅ ያለ ዩ ሞገድ ማየት ወደ ሆስፒታል ለመላክ በቂ ምክንያት ነው። ፖታሲየምና ማግኒዚየም አብረው ይተካሉ፤ የሚቻል ሲሆን በአፍ፤ የደም ሥር ፈሳሽ በችኮላ አይፈስስም። እጅግ የከሳች ከሆነ ምግቡም ቀስ በቀስ ይጀመራል፤ ፎስፌቷ በድንገት ሊወርድ ይችላልና። የሚያስቀምጠው መድኃኒት ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ድርቀቱን ለማስታገሥ ውኃ፣ ጥራጥሬና አትክልት፣ ካስፈለገም ላክቱሎስ ወይም ፖሊኢትሊን ግላይኮል ይበቃል። የሥነ አእምሮ ክትትሉ ከዚሁ ጋር እንጂ ከዚህ በኋላ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ ማንም ያልነገራት ከሆነ የሚያስበረግጋት፣ እብጠቱ ነው። ለወራት ውኃ ሲያጣ የኖረ ሰውነት አልዶስቴሮኑ ከፍ እንዳለ ስለሚቆይ የተሰጠውን ሁሉ ይይዛል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እግሯና ፊቷ ያብጣል፤ ሚዛኑ ብዙ ኪሎ ይጨምራል፤ የፈራችው ሁሉ በእርግጥ የደረሰ ይመስላታል። አብዛኞቹ ወደ ሻዩ የሚመለሱት በዚህ ሳምንት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመቆሙ በፊት፣ ቁጭ ብሎ፣ ከተቻለ እናቷም ባሉበት ሊነገራት ይገባል፦ «እኅቴ፣ ልታብጪ ትችያለሽ፤ ስብ አይደለም፣ ውኃ ነው፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሄዳል፤ እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ ጨው ቀንሺ፣ ሚዛኑንም እስከዚያ ተይው።» ያበጠ እግር አይቶ ፉሮሲማይድ የሚጽፍላት ባለሙያ ካጋጠማት ፖታሲየሙ እንደገና ይወርዳል፤ ፉሮሲማይዱ ሲቆምም እብጠቱ ይመለሳል፤ እርሷም በእጇ አንድ አዲስ ማቅጠኛ ክኒን ይዛ ከክሊኒኩ ትወጣለች።